ተጓዡ አንድ ሌሊት ይደር፦ ለፓርኮቻችንና ለጥብቅ ደኖቻችን አስተዳዳሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ብሔራዊ ፓርኮችን፣ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራዎችንና የመንግሥት ደኖችን ለምታስተዳድሩ የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶች

ግልባጭ፦ በየተራራው ሥር ለምትገኙ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደሮች፣ እንዲሁም ለእግር ተጓዦች ሁሉ

ጉዳዩ፦ አገሩን በእግሩ የሚያይ ዜጋ በገበሬው ማረፊያ የሚያድርበትን መንገድ ስለማመቻቸት

ክቡራንና ክቡራት፣

በበጋ ወራት እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ ዋና ዋና አደባባዮች የሚያልፍ ሰው፣ የጀርባ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች አውቶቡስ ከበው ስማቸው ሲጠራ ያያል። አንዱ አውቶቡስ ወደ ወንጪ፣ ሌላው ወደ መናገሻ ሱባ፣ ሌላው ወደ ዝቋላ ወይም ወደ የረር ተራራ ይሄዳል። ይህ ልማድ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጥቂት ሰዎች ብቻ ነበር። ዛሬ የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ጡረታ የወጣው መምህር ሁሉ ተራራ ይወጣል። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ አውቶቡሶቹ ሁሉንም ይዘው ወደ ከተማ ይመለሳሉ። ከተሳፋሪው ሁሉ ተራራው ሥር ያደረ አንድም ሰው አይገኝም።

የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስላልታደረው ሌሊት ነው።

ውሃውን ከአዲስ አበባ ጭኖ፣ ምሳውን በዕቃ ቋጥሮ ሄዶ በዚያው ቀን የሚመለስ ሰው ለመንደሩ የሚተወው የመኪና ማቆሚያ ክፍያና ባዶ ጠርሙስ ነው። ተራራው ሥር ላለው ገበሬ ገንዘብ የሚደርሰው እንግዳ ሲያድር ነው። የሚያድር ሰው እራትና ቁርስ ይበላል፣ መንገድ መሪ ይቀጥራል፣ ዕቃውን በፈረስ ወይም በበቅሎ ያስጭናል፣ ማር ይገዛል፣ በነጋታው ጉልበቱ ካመመው ተቀምጦ ይውላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰው ጋር ይተዋወቃል። አንድ ሌሊት እሳት ዳር አብሮ ያመሸ ሰው ያን ደን በሌላ ዓይን ያየዋል፤ የደኑ ባለቤትም እርሱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

እውነቱን ለመናገር የአገራችን ተራራ ለቀን እንግዳ ራሱን አይገልጥም። ጭላዳን ውሰዱ። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ገደል ላይ ነው። ሲነጋ ፀሐይ አፋፉን መምታት ስትጀምር ከገደሉ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላል። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ወንዶቹ ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ለፀሐይ ሰጥተው፣ ለጊዜው ማንም ከማንም ጋር ሳይጣላ ይሞቃሉ። ከዚያ ግጦሽ ይጀመራል። እያንዳንዱ በመቀመጫው ላይ ተደላድሎ በሁለት እጆቹ ሣሩን ጭረት በጭረት ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልከዋል፤ ደግሞ ሳይነሣ ተንፏቆ ትንሽ ወደፊት ይሄዳል። በመቶ የሚቆጠር መንጋ በአንድ ሜዳ ላይ ሲነጭ ድምፁ ይሰማል፤ የብዙ ሰው ማጭድ ከሩቅ እንደሚሰማው ያለ ነው። በሣር ብቻ ለመኖር እንዲህ የተካነ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ይህን ለማየት ግን ከመንጋው በፊት አፋፉ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በንጋት የተነሣ አውቶቡስ እዚያ የሚደርሰው መንጋው ሜዳውን አዳርሶ ሲበተን ነው።

ታዲያ ሰው ለምን አያድርም? መውደዱን ይወዳል። የሚያድርበትን ቦታ አያውቅም፣ የሚጠይቀውን ሰው አያገኝም፣ ዋጋውን አያውቅም። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲመጣ አስጎብኚ ድርጅቱ ሁሉን ነገር ይጨርስለታል፤ መኪና፣ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ)፣ ወጥ ቤት፣ በቅሎ፣ ድንኳን። አሠራሩ የተቀረጸው ለዚያ ሰው ነው፤ ለብዙ ዓመታት የመጣውም እርሱ ስለነበረ አይገርምም። ዜጋው ግን አንድ ቅዳሜና እሑድ አለው፤ የሚመጣው በሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ኪሱም ለድርጅት የሚበቃ አይደለም። በዚያ አሠራር ውስጥ ለእርሱ የተተወ በር የለም።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፓርክ በር ላይ ከጓደኞቼ ጋር በእግራችን ደርሰን ነበር። በጨዋነት የተቀበሉን ሠራተኛ መጀመሪያ የጠየቁን “መኪናችሁስ?” ብለው ነው። መኪና እንደሌለንና ሁለት ቀን በእግራችን ልንሄድ እንደምንፈልግ ስንነግራቸው ከልባቸው ተቸገሩ። ዋጋውን ለማወቅ ሌላ ሰው ተጠራ፤ እርሱ ደግሞ ሌላ ሰው ጠራ። በአካባቢው የማኅበር ማረፊያ ጎጆ መኖሩን ያወቅነው ከመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት ናቸው የነገሩን። ሠራተኞቹን አልወቅስም። ማንም የእግረኛ ዜጋ ይመጣል ብሎ ያልነገራቸው ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ያ ጎጆ ባዶውን ሊያድር ነበር፤ እኛም ልንመለስ ነበር፤ በሁለታችን መካከል የጠፋው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

የእግር ጉዞ ለሕዝባችን አዲስ ነገር ነው የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይህን የሚል ሰው በታኅሣሥ ወር ወደ ላሊበላ የሚወስዱትን መንገዶች አላየም። ለልደት በዓል ቀናትና ሳምንታት በእግሩ የሚጓዝ፣ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣ፣ ለቁልቢ ገብርኤል ስለቱን ይዞ በእግሩ የሚነሣ ሕዝብ ነው ያለን። ይህ ሕዝብ በየመንገዱ “የእግዜር እንግዳ” ብሎ ሲያድር፣ ገበሬውም ሲያሳድር ኖሯል። መራመዱም ማሳደሩም ከእኛው ቤት ያለ ነው። አሁን የሚያስፈልገው ያንን ልማድ ለገበሬው ሸክም ሳይሆን ገቢ በሚሆንበት መልክ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ይህም ቢሆን ከባዶ የሚጀመር አይደለም። በአዳባና በዶዶላ ተራሮች ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የእንጨት ማረፊያዎች አሉ። በጀርመን ድጋፍ ይካሄድ ከነበረ የደን አስተዳደር ሥራ ጋር አብረው የተሠሩ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ “ዋጂብ” በሚባለው አደረጃጀት በደኑ ውስጥ የሚኖሩት አባወራዎች ደኑን የመጠቀም መብት ይሰጣቸዋል፣ በምላሹም ደኑን ይጠብቃሉ፤ ተጓዡ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በፈረስ ወይም በእግር ሲያልፍ ገቢው ለአካባቢው ሰው ይሆናል። በመቄትና በላስታ ገደል አፋፍ ላይም በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመሩ የማኅበረሰብ ማረፊያዎች አሉ። ክብ ጎጆ፣ ንጹሕ አልጋ፣ የአገሬው ምግብ፣ ፊት ለፊት ማለቂያ የሌለው ሸለቆ። የገነባው፣ የሚያስተናግደውና ገቢውን የሚያገኘው መንደሩ ነው። የእነዚህን ማረፊያዎች ስም ከአንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይልቅ አንድ የአውሮፓ ተራራ ወጪ አብዝቶ ያውቀዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

ከሁሉም በላይ ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው መንዝ ጓሳን ነው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሣር አገር ነው። ስሙን ያገኘው ከዚያው ከሚበቅለው ሣር ነው፤ ገበሬው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚጠቀምበት ሣር። የመንዝ ሰው ይህን ቦታ በራሱ ሥርዓት መጠበቅ ከጀመረ አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያሰማራበትም፣ ማንም አያጭድበትም። ሕዝቡ የመረጣቸው ኃላፊዎች ይጠብቁታል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ወይም የድርቅ ዓመት ሲመጣ ይከፈትና ሁሉም በተፈቀደለት ቀን ይገባል። ብሔራዊ ፓርክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ከመታሰቡ በፊት እዚህ አገር አንድ ሕዝብ የጋራ መሬቱን እንዲህ ያስተዳድር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የጥንቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ መሬቱም ለጥቂት ጊዜ ጠባቂ አጣ። ሕዝቡ ግን አልተወውም፤ መልኩን ለውጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ቀጠለበት። ዛሬ በጓሳ ቀይ ቀበሮ ይታያል፤ ጭላዳ ይታያል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በየኮረብታው ቆሟል። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያም አለ።

እዚያ ያደርኩበት ሌሊት ብርዱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ነበር። ያስተናገዱን እናት እሳቱን ካቀጣጠሉ በኋላ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ የሞቀ ውሃ ይዘው መጡና እግራችንን እንድንታጠብ አዘዙን፤ “አዘዙን” ስል በእርግጥም ትእዛዝ ነበር፤ እምቢ ማለት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀረበ። መንገድ ያሳየን ጎልማሳ እሳቱን እየቆሰቆሰ ስለ ቀበሮዎቹ ያወራን ነበር፤ የትኛው መንጋ የት እንደሚያድን፣ የትኛዋ እናት በየትኛው ድንጋይ ሥር እንደወለደች፣ የመንደሩ ውሻ ወደ ሜዳው ሲገባ ለምን እንደሚባረር። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ እንደሚተላለፍና አንድን መንጋ በአንድ ወቅት ሊጨርስ እንደሚችል የገባኝ ያን ማታ ነው። የሰማሁት ከመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገባኝም ነበር። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ በታች ብቻ የቀረን እንስሳ፣ ጠባቂው እንደ ጎረቤቱ ልጆች ለይቶ ያውቀዋል። ይህን ሰው የሚያህል አስተማሪ የትኛው ትምህርት ቤት አለው?

ክቡራንና ክቡራት፣ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ሲገባ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የውጭ ጎብኚ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከጦርነቱ በኋላም በብዙ አካባቢ ሰላሙ አልጸናም። በደባርቅ፣ በላሊበላ፣ በዲንሾ በመንገድ መሪነትና በበቅሎ ጫኝነት የሚኖሩ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ፓርኩ አጠገብ የሚኖር ሰው ከፓርኩ የሚያገኘው ገቢ ሲቋረጥ ወዴት እንደሚያይ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ወደ አስታው፣ ወደ ጥዱ፣ ወደ ግጦሹ ነው። አንድ አካባቢ ኑሮውን ሁሉ ከሩቅ አገር በሚመጣ እንግዳ ላይ ብቻ ሲመሠርት አደጋው ይህ ነው። የአገር ውስጥ ተጓዥ የሚከፍለው ከውጭ እንግዳው ያነሰ ይሆናል፤ ነገር ግን አየር መንገዶች በረራ ሲያቆሙ አይጠፋም። በወር አንዴ ይመጣል፤ ወንድሙን ይዞ ይመለሳል።

መንግሥት በቅርብ ዓመታት በወንጪ፣ በጎርጎራ፣ በሐላላ ኬላና በጨበራ ጩርጩራ ትልልቅ ሎጆች ሠርቷል። ውብ ናቸው፤ ለአገር ገጽታም ይጠቅማሉ። አልቃወማቸውም። ነገር ግን ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ነርስ አንድ ሌሊት እዚያ ማደር የዓመት ዕቅድ ነው። እኔ የምጠይቀው ከሎጁ ጎን፣ በአሥር ኪሎ ሜትርም ቢርቅ፣ የገበሬው ሦስት አልጋ ያለው ጎጆ በመዝገብ እንዲገባ ነው። ንጹሕ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ የተጣራ ውሃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የፀሐይ መብራት፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ተራራ ወጪ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የጥቂት ቀናት ሥልጠናና በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ተቆጣጣሪ እንጂ ሕንጻ አይደለም።

ሰው ሲበዛ ቦታው ይጎዳል የሚል ስጋት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስጋቱ ትክክል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ቆርጠን መነጋገር አለብን። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ነበር፤ ከ1996 እስከ 2017 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ከዚያ ለመውጣት የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ቤታቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እነርሱ የለቀቁትን ሜዳ እኛ ከከተማ መጥተን በቆሻሻና በጩኸት ብንሞላው ነውር ነው። ዋልያም ቢሆን በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆልቁሏል። የባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ናቸው። ይህን መጠበቅ የእናንተም የእኛም ግዴታ ነው።

ስለዚህ ገደብ ይኑር። በአንድ ጊዜ በአንድ መንገድ ላይ የሚገባው የሰው ቁጥር ይወሰን፤ ሃምሳ ሰው በአንድ መንጋ አይሂድ። ያለ መሪ መግባት አይፈቀድ። ማገዶ ተጓዥም ሆነ ማረፊያ ከፓርኩ አይቁረጥ። አስታ በ3500 ሜትር ከፍታ ላይ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ለአንድ ምሽት ሙቀት የምናነደው ግንድ መልሶ ለመብቀል የሚወስድበትን ጊዜ ማናችንም አንጠብቀውም። ማረፊያዎቹ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወይም ከውጭ የሚመጣ የባሕር ዛፍ እንጨት ይጠቀሙ፤ ዋጋውን ተጓዡ ይክፈል። እነዚህ ገደቦች ሁሉ በሚያድርና በሚታወቅ እንግዳ ላይ ይሠራሉ። በአውቶቡስ መጥቶ በሩጫ ወጥቶ በሚመለሰው ላይ ግን ማንም አይደርስበትም። ዛሬ በየተራራው የምናየው ቆሻሻ የማንም እንግዳ ያልሆነ ሰው ቆሻሻ ነው።

ሕዝቡ ለነዚህ ሥፍራዎች ያለውን ፍቅር የሚጠራጠር ካለ 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ሰሜን ተራሮች በእሳት ሲቃጠል፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪደርሱ ድረስ ገደሉን ወጥቶ እሳቱን የታገለው የአካባቢው ገበሬና ወጣት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ልመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱ ይውጣ። የመግቢያ ክፍያ፣ የመሪና የጠባቂ ክፍያ፣ የፈረስና የበቅሎ ኪራይ፣ የማረፊያው ዋጋ፣ ሁሉም በብር፣ ለዜጋ ስንት እንደሆነ ተለይቶ፣ በፓርኩ በር ላይና በስልክ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ለቀበሌው የሚደርሰው ድርሻም ከጎኑ ይጻፍ፤ በየሩብ ዓመቱም የተሰበሰበው ገንዘብ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ገበሬው ደኑ ምን እንደከፈለው በዓይኑ ያንብብ። ማረፊያ ያላቸው ማኅበራት ስምና ስልክ ቁጥር በአንድ መዝገብ ይሰብሰብና ለሕዝብ ይሰጥ። አንድ ሰው ረቡዕ ዕለት ከቢሮው ደውሎ ለቅዳሜ አልጋ መያዝ ከቻለ ሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

መንገዱ ላይ ምልክት ይተከል፤ በአካባቢው ቋንቋና በአማርኛ። የሚቀጥለው ምንጭ ወይም ማረፊያ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ፣ ከፍታው ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። ከፍታን በተመለከተ እኛ የደጋ ሰዎች ነን እያልን እንዘናጋለን። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጎባ ተነሥቶ በመኪና ከ4000 ሜትር በላይ ወዳለው የባሌ ተራሮች አምባ፣ ሳነቲ፣ በአንድ ሰዓት የሚወጣ ሰው፣ በዚያው ዕለት 4377 ሜትር ወዳለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ በሩጫ ቢሞክር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢያጋጥመው አይደንቅም። ከ3000 ሜትር በላይ ሲወጣ በየሌሊቱ የሚታደርበት ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ እርምጃ ከተወላገደ፣ ቁጭ ብለው እያለ ትንፋሽ ካጠረ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳይዘገዩ መውረድ። ይህን የሚናገር አንድ ሰሌዳ ሕይወት ያድናል። በየመንገዱ የሚደወልበት አንድ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥርም ከሥሩ ይጻፍ፤ ስልኩን የሚያነሣ ሰውም ይመደብ።

ስለ ሰላሙ ጉዳይ ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ሙሉ አይሆንም። ዛሬ ብዙ የምንወዳቸው ተራሮች ያለ ስጋት የሚወጣባቸው አይደሉም፤ በአካባቢው የሚኖረው ሰው ደግሞ ከእኛ የሽርሽር ጥያቄ የከበደ ነገር ተሸክሟል። ማንም ወደ አደጋ ይሂድ አልልም። የምለው እውነቱ በግልጽ ይነገረን ነው። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው እንደተዘጋ በየሳምንቱ ይገለጽ። ዝግ ከሆነ ዝግ ነው በሉን፤ እንጠብቃለን። አሁን ግን ሰው የሚሄደው በወሬ ነው፤ የሚቀረውም በወሬ ነው። በዚህ መካከል ሰላም የሆነው መንደርም አብሮ ባዶ ይውላል። ክፍት በሆኑት ዛሬ ከጀመርን፣ የተዘጉት ሲከፈቱ አሠራሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

ለእናንተም ለእግር ተጓዦች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ቃል አለኝ። መንግሥትን የምንጠይቀውን ያህል ከራሳችንም የሚጠበቅ አለ። ያን ትልቅ የሙዚቃ ማጉያ እባካችሁ ቤት ተዉት። መንጋ በሚግጥበት ሜዳ፣ ከገዳም አጥር ሥር፣ እረኛ በሚያፏጭበት ሸለቆ ሙዚቃ ማስጮህ ድፍረት ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። ለጭላዳ ብስኩት አትወርውሩ፤ በሣር የሚኖርን እንስሳ ወደ ለማኝነት ማውረድ ነው። ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ የሌላውንም አንሡ። ማረፊያው ውስጥ ዋጋ አትከራከሩ፤ ከተማ ውስጥ ለአንድ እራት ያለ ቅሬታ የምንከፍለውን ገንዘብ እዚያ ለአልጋ፣ ለእሳትና ለሁለት ጊዜ ምግብ ስንጠየቅ ማጉረምረም አያምርብንም። የገበሬውን ልጅ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት እናቱን ጠይቁ።

የመናገሻ ሱባ ጥድ ዘሩ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን መጥቶ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ሲነገር ኖሯል። ዛሬ ሁለቱም ደኖች ቆመዋል፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ይደረስባቸዋል። ሁሉን በአንድ ጊዜ አድርጉ አልልም። ከሁለቱ አንዱን፣ ወይም ጓሳን፣ ወይም የዲንሾን ዙሪያ ምረጡ። በአንድ መንገድ ላይ፣ ለሁለት ቀን ጉዞ፣ በመንገዱ ላይ ላለ አንድ የገበሬ ማኅበር ማረፊያ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ነገሮች አዘጋጁ። ክረምቱ ወጥቶ በመስከረም መጨረሻ መንገዱ ሲደርቅ ይከፈት። ምልክት በመትከሉና መንገድ በመጥረጉ ሥራ የሚተባበሩ፣ ድንጋይ ለመሸከም የማይሰንፉ ተጓዦች በየከተማው አሉ፤ ጥሩን። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ስንት ሰው እንዳደረ፣ ለቀበሌው ስንት ብር እንደገባ፣ መንገዱ ምን እንደተጎዳ ቁጠሩና አሳውቁን። ቁጥሩ ጥሩ ካልሆነ ዝጉት፤ ጥሩ ከሆነ ሁለተኛውን መንገድ ክፈቱ።

ለዚህ ደብዳቤ የምትሰጡትን መልስ በቢሮዬ በኩል መላክ አያስፈልግም። የምትመርጡትን መንገድ ስምና የማረፊያውን ስልክ ቁጥር በይፋ ብታወጡት በቂ ነው፤ እኛ እንደውላለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእግር ተጓዥ
አዲስ አበባ